ከኮሎኔሉ የሕይወት ታሪክ የጎደለችው መስመር

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ የኮሎኔል አያሌው ልጅ ሄለን መኪና ማቆሚያው ላይ ጠብቃ ያዘችኝ። ገና ጡጦ ሳትጥል ጀምሮ አውቃታለሁ፤ ዛሬ የሁለት ልጆች እናት ናት፣ ዋይሊ ውስጥ ሦስት መኪና የሚያስገባ ጋራዥ ያለው ቤት ገዝታለች። እኔ ዳላስ ስመጣ ዋይሊ ማለት ሣርና ከብት ነበር፤ አሁን ከብቱ ተነስቶ ሐበሻ ገብቶበታል። ጉንጬን አገላብጣ ሳመችኝና ከቦርሳዋ የሚያብረቀርቅ መጽሔት አወጣች። «እማማ የሺ፣ ማለቴ፣ የዳዲ ሙት ዓመት ደርሷል አይደል? ሶ፣ ሮውሌት ሐይቁ ጋ አዳራሽ ሬንት አድርገናል። ይሄ የሕይወት ታሪኩ ነው፣ ገና ብዙ ኮፒ ፕሪንት አላደረግንም። ጋሼ ወርቁ ነገረኝ፤ አንቺና ዳዲ የሆነ ነገር ነበራችሁ፣ ከዛ ፎርጊቭ አደረግሽው። ስለሱ አምስት ደቂቃ ብቻ ታወሪያለሽ፣ ኦኬ?» በ«አንቺ» መጥራቷ አይከፋኝም፤ እዚህ ያደገ ልጅ አንቱታን ከየት ያመጣዋል? የከፋኝ «የሆነ ነገር» ማለቷ ነው። እሷ ምን ታድርግ፣ የነገሯትን ነው የምትናገረው። አንብቤ እነግርሻለሁ ብያት ወደ መኪናዬ ሄድኩ።

ቤቴ ገብቼ መነጽሬን አድርጌ አነበብኩት። አቤት አጻጻፍ! ከእገሌና ከእገሊት ተወለዱ፤ ዳዊት ደገሙ፤ ፖሊስ ሠራዊት ገብተው በብርታታቸው ከማዕረግ ማዕረግ አደጉ። «ከዚያም በልዩ ልዩ የኃላፊነት ቦታዎች ሀገራቸውን በቅንነት አገልግለዋል» ይላል። አለቀ። ቀጥሎ አሜሪካ ነው፤ የኮሚኒቲው ሊቀመንበር፣ የፓርቲ መሥራች፣ የፍትሕ ተሟጋች፣ የሰላም አባት፣ ምኑ ቅጡ። ያ ሁሉ ዓመት፣ ያ ሁሉ የእናት እንባ፣ አንዲት መስመር! ወንድሜ ሰይፉ ከነሙሉ ዕድሜው እዚያች መስመር ውስጥ ነው የቀረው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ፤ የወጋው ሲረሳ መጽሔት እንደሚያሳትም ግን የነገረኝ አልነበረም። እኔ ይህን ነገር ዳግመኛ እንዳላነሳ ተገዝቻለሁ፤ እንዴት እንደተገዘትኩም አጫውታችኋለሁ። አሁን እሱም ሞቷል፣ የገዘቱኝ ቄስም አርፈዋል። ስናገር የሚመጣብኝ ካለ ይምጣ፤ በዚህ ዕድሜዬ ምን ቀረኝ?

ሰይፉ ታናሼ ነው፤ ሃያ ዓመቱን ገና ደፈን ማድረጉ ነበር። ወገቡ ላይ ጠብቆ ከታች መንገድ የሚጠርግ ሱሪ ይወድ ነበር፣ ጸጉሩን እንደ ዘመኑ አጎፍሮ ማበጠሪያዬን እየሰረቀ ጥርሱን ይሰባብርብኝ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ዳቦ ልገዛ ብሎ ከወጣበት ያዙት። በምን? በዚያ ዘመን «በምን?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ራሱ ይያዝ ነበር። እናቴና እኔ ሁለት ወር ሊሞላን እስኪል ድረስ በየቀኑ ለጣቢያው ስንቅ አመላለስን። ሰሃኑ ባዶውን ሲመለስ እናቴ ፊቷ ይበራ ነበር፤ በላ ማለት ነዋ! አንድ ቀን ግን ዘበኛው ሰሃኑን አልቀበልም አለ። እናቴ ደግሞ አልሄድም አለች፤ በሩ ላይ ተቀመጠች። ይሄን ጊዜ የጣቢያው አዛዥ ራሱ በረንዳው ላይ ወጣ፤ ልብሱ ተተኩሶ ቀጥ ያለ፣ ዱላውን ብብቱ ሥር ያደረገ። «እማማ፣ ልጅዎ ተዘዋውሯል። ወደዚህ አይመላለሱ። ሂዱ» አለ። «ሂዱ» ሲል የእጁን ጀርባ፣ ከስጥ ላይ ዶሮ እንደሚያባርር ሰው፣ ሁለቴ ወደ ውጭ ወዘወዘው። «ወዴት ነው የተዘዋወረው ጌታዬ?» አለች እናቴ። ጀርባውን ሰጥቷት ገባ።

እናቴ አመነችው። ትልቅ ሰው፣ አዛዥ፣ በአፉ ነግሯታል፤ ለምን አታምነው? ከዚያ ወዲያ ሰሃኗን በመሐረብ ቋጥራ የማትሄድበት እስር ቤት አልነበረም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነ። ዓመታት አለፉ። ሌሎቹ እናቶች አንድ በአንድ መርዷቸው ተነገራቸው፤ ጥቁር ለበሱ፣ ደረታቸውን መቱ፣ ተዝካር አወጡ። የኔ እናት ግን መርዶ ያረዳት የለም። መርዶ ሳይነገር ደግሞ ማን ድንኳን ይተክላል? የሞተ ይለቀስለታል፣ ለታሰረ ስንቅ ይወሰድለታል፤ ለተዘዋወረ ሰው ግን ምን ይደረግለታል? የሰይፉን አልጋ አንሶላ በየአሥራ አምስት ቀኑ ትቀይር ነበር፤ ማንም ያልተኛበትን።

እኔ በሱዳን አድርጌ፣ ካርቱም ስንት ዓመት ሰው ቤት አገልግዬ ዳላስ ስገባ የሠላሳ ምናምን ዓመት ሴት ነበርኩ። ያኔ ቤንዚን ጋሎኑ ዶላር አይሞላም፤ ፓርክ ሌን አካባቢ አንድ መኝታ ቤት ለሦስት ሴቶች ተከራይተን ለያንዳንዳችን መቶ ምናምን ዶላር ይደርሰን ነበር። ዛሬ በዚያ ዋጋ መኪና ማቆሚያም አይገኝ። ሁላችንም ትከሻው ስፖንጅ የተሞላ ኮት እንለብሳለን፤ የዚያን ጊዜ ፎቶዎቻችንን ሳይ ሰርግ የምንሄድ እንጂ ሥራ የምንሄድ አንመስልም። ወንዶቹ ወገባቸው ላይ ፔጀር ይሰካሉ፤ ፔጀሩ ሲጮኽ ሳንቲም ፍለጋ ኪሳቸውን እየዳበሱ ወደ መንገድ ስልክ ይሮጣሉ። ዳውንታውን አንድ ረጅም ሕንፃ ሥር መኪና ማቆሚያ ውስጥ ካሸር ሆንኩ፤ እንደ ስልክ ቤት በጠበበች የመስታወት ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ቲኬት እቀበላለሁ። የዚያው ሕንፃ ሴኩሪቲ ደግሞ ጋሽ አያሌው የሚባል ሐበሻ ነበር። በዚያን ጊዜ ኮሎኔል የሚለው የለም፤ ሀገር ቤት የመንግሥት ሠራተኛ ነበርኩ ነው የሚለው። ጺሙን አሳድጎ፣ ወፍራም መነጽር አድርጎ፣ ሆዱ ትንሽ ገፋ ብሎ፣ ማንም ደህና አባወራ የሚመስል ሰው።

ደግ ነበር። ይህን ሳልናገር ባልፍ እኔም እንደ መጽሔቱ መዋሸቴ ነው። መኪና የለኝም፤ ሁለት አውቶቡስ ቀይሬ፣ በዚያ አስፋልቱ በሚፈላበት የቴክሳስ ሐምሌ እየነደድኩ ነበር የምመላለሰው። «እህቴ፣ ለምን ትሰቃያለሽ? መንገዴ ነው» ብሎ በዚያች የወይን ጠጅ ቀለም ባላት፣ እንደ አዳራሽ በሰፋች አሮጌ መኪናው ስምንት ወር ሙሉ አመላለሰኝ። ሰባራ ሳንቲም አልተቀበለኝም። የድሮ ትዝታ ካሴት ይከፍትና አብሮ ያንጎራጉራል፤ ድምፁ ያምራል፣ ምን ይደረግ። ቅዳሜ ቅዳሜ ባዶ ፓርኪንግ ሎት ወስዶ መንዳትም ያስተማረኝ እሱ ነው። «ሳትፈሪ፣ ቀስ ብለሽ፣ መስታወትሽን እያየሽ» ይለኛል። እስከ ዛሬ መስታወት የማየው እሱ ባስተማረኝ አስተያየት ነው፤ በጣም ይቆጨኛል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የቀኑን ሒሳብ አስረክቤ ሎቢው ውስጥ ልጠብቀው ገባሁ። አንዲት ሐበሻ ሴት፣ ባሏ እዚያ ሕንፃ ጽዳት ይሠራ የነበረ፣ ቁልፍ ጠፍቶባት ልትፈልገው መጥታ ዴስኩ ጋ ቆማለች። ሰውየው በዚያው ሳምንት ወደ ሌላ ሕንፃ ተልኳል፤ ሐሰት አልነበረውም። ጋሽ አያሌው ቀና አለና፣ «እህቴ፣ ባለቤትሽ ተዘዋውሯል። ወደዚህ አትመላለሺ። ሂጂ» አላት። የእጁን ጀርባም ሁለቴ ወደ ውጭ ወዘወዘው። ጺሙን አነሳሁለት፣ መነጽሩን አወለቅኩለት፣ ሆዱን አጎደልኩለት፤ በረንዳው ላይ ቆሞ አየሁት። ወይ የኔ ጉድ! ስምንት ወር ሙሉ ጎኑ ተቀምጬ!

መኪናው ውስጥ ገባሁ፤ ሌላ ምን ላድርግ? ግማሽ መንገድ ከሄድን በኋላ፣ «ጋሽ አያሌው፣ አዲስ አበባ የት ነበር የሚሠሩት?» አልኩት። አየት አደረገኝና፣ «እዚህም እዚያም» ብሎ የካሴቱን ድምፅ ከፍ አደረገው። ከዚያ በላይ አልጠየቅኩም። በማግስቱ ወደ አውቶቡሴ ተመለስኩ። ለምን እንደሆነም አልጠየቀኝም፤ ሆድ ለሆድ ተዋውቀናል።

ከሁሉ የሚቆጨኝ ቸኩዬ ለእናቴ መንገሬ ነው። ያኔ ሀገር ቤት መደወል ደቂቃው ከአንድ ሰዓት ሥራዬ ዋጋ እምብዛም አይተናነስም፤ እሑድ ጠዋት በቀጠሮ፣ ጎረቤት ቤት አስጠርቼ ነው የማገኛት። «እማዬ፣ ያንን አዛዥ አገኘሁት፣ እዚህ ዳላስ ነው ያለው» አልኳት። ዝም አለች፤ ስንት ዶላር እንደ በላ እንጃ ያ ዝምታ። ከዚያ፣ «ጠየቅሽው?» አለችኝ። እጠይቀዋለሁ አልኳት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስደውል እንዴት ነሽ የለ፣ ጤናሽ የለ፤ «ነገረሽ ወይ?» ብቻ ሆነ። ልቧን ያማት ጀምሮ ነበር፤ ሐኪሞቹም ብዙ ተስፋ አልሰጧትም። አንድ እሑድ፣ «የሺዬ፣ ከዶላርሽ ምንም አልፈልግም። ሳልሞት መርዶዬን አምጪልኝ» አለችኝ። እናት ልጇን መርዶ ስትለምን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ሁለት ጊዜ ልጠይቀው ዴስኩ ጋ ሄድኩ፤ ሁለት ጊዜም ስልክ አንስቶ የሚያወራ መሰለ። ከዚያ የኮሚኒቲው ምርጫ መጣ። ጋሽ አያሌው ለሊቀመንበርነት ቀረበ ተባለ፤ ይሄን ጊዜ ነው «ኮሎኔል» የሚለው ከየት መጣ ሳይባል ከስሙ ፊት ብቅ ያለው። ግሪንቪል መንገድ ላይ በተከራየነው አዳራሽ፣ ባለ ሁለት ረድፍ ቁልፍ ሱፉን ለብሶ ስለ አንድነትና ስለ ሕግ የበላይነት ተናገረ። ጥያቄ ያለው ሲባል ብድግ አልኩ። «እኔ የሰይፉ እህት ነኝ። ወንድሜን ወዴት ነው ያዘዋወሩት?» አልኩት። አዳራሹ ተናወጠ። «ትናገር!» የሚል አለ፤ «ማን ልኳት ነው? ፖለቲካ ነው!» የሚልም አለ። እሱ መነጽሩን አውልቆ ጠረገና፣ «እህቴ፣ በዚያ ዘመን ያልተጎዳ ማን አለ?» አለ። ተጨበጨበለት! የኔን ጥያቄ አጨብጭበው ቀበሩት። ምርጫው ግን በሁለት ሳምንት ተራዘመ፤ ለካስ ሳላውቀው እሾህ ሆኜባቸዋለሁ።

በሦስተኛው ቀን ሽማግሌዎች ቤቴ መጡ፤ ጋሼ ወርቁ፣ ሌሎች ሁለት ሰዎችና ቄሱ። ጋሼ ወርቁ ከሁላችን ቀድመው ዳላስ የገቡ፣ ኤርፖርት ታክሲ የሚነዱ፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ የሚጠሩ ሰው ናቸው። ቄሱ በአዘቦት ቀን መጋዘን ይሠሩ ስለነበር የመግቢያ ባጃቸው ከመስቀላቸው ጋር አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ወንበር ሳብኩላቸው። አልተቀመጡም፤ በሩ ላይ በተርታ ቆሙ። «እሺ ካላልሽን አንቀመጥም፣ ውኃሽንም አንቀምስም» አሉ ጋሼ ወርቁ። እንግዲህ በአባቶቻችሁ ዕድሜ የሚሆኑ ሰዎች በራችሁ ላይ ሲቆሙ ምን ትላላችሁ? «እኔ በቀል አልፈልግም አባቶቼ። ሞቷል፣ እዚህ ነው የተቀበረው ይበለኝ። አንዲት ቃል ናት። ከዚያ ይቅር እለዋለሁ» አልኳቸው።

«እንዲህማ አይሆንም ልጄ» አሉ ጋሼ ወርቁ፣ በዚያ ለስላሳ አነጋገራቸው። «ይቅርታ በዋጋ አይሸጥም። ቅድሚያ ስለ እግዚአብሔር ብለሽ ይቅር በይው። የሰው ልብ ነው፣ ያን ጊዜ ይለሰልሳል፤ ሳትጠይቂው ራሱ ይነግርሻል።» «ይነግረኛል?» አልኩ። «እንዴት አይነግርሽም! እኔ አለሁ አይደል?» ቄሱን ዞር ብዬ አየኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። አመንኳቸው። ለካ እኛ ቤት ዘር ነው፤ እናቴም በረንዳ ላይ የቆመ ሰው አመነች፣ እኔም በሬ ላይ የቆሙትን አመንኩ። እሺ አልኩ። ተቀምጠው ለስላሳ ጠጡ፣ መረቁኝ፣ ሄዱ።

እርቁ ቅዳሜ ጋሼ ወርቁ አፓርትመንት ተደረገ። በወጉ የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ነው የሚገባው። ዳላስ ላይ ድንጋይ ከየት ይምጣ? አንዱ ሽማግሌ ወርዶ ከአፓርትመንቱ አበባ መደብ ለጌጥ የተቀመጠ ነጭ ድንጋይ አመጣ። ኮሎኔሉ ከማንሳቱ በፊት አፈሩን በመሐረብ ጠረገው፤ ሱፉ እንዳይበላሽ! በአንድ እጁ ማጅራቱ ላይ ደግፎት፣ ጎንበስ ብሎ፣ «ጊዜው ነው ያጠፋው፣ እኔም በማወቅም ባለማወቅም ላጠፋሁት ይቅር በይኝ» አለ። በማወቅም ባለማወቅም! ለኔ ግን የመጨረሻዋ በር ያቺ ይቅርታ ነበረች፤ እናቴ ፊቴ ላይ ነው ያለችው። «ስለ እግዚአብሔር ብዬ ይቅር ብያለሁ» አልኩ። ድንጋዩን አነሱለት። ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ ሲል ደግፌ አቀናሁት፤ እሱም ወጉ ነው። ከዚያ ቄሱ መስቀላቸውን አወጡና፣ እንደ ልማዱ፣ ገዘቱ፤ ይህን ነገር ከዛሬ ጀምሮ ያነሳ፣ ያስነሳ፣ በቤትም በደጅም የጠየቀ፣ እንደ አርዮስ ውጉዝ ይሁን አሉ። ሁላችንም በየተራ መስቀል ተሳለምን።

አሁን ይነግረኛል ብዬ ዓይን ዓይኑን አየሁት። ምንጣፉን ያያል። ትንሽ ጠበቅኩ። ሳህን ሲቀርብ፣ ሳቅ ሲጀመር፣ «ጋሽ አያሌው፣ እንግዲህ ወንድሜን...» አልኩ። ጋሼ ወርቁ እጄን ያዙኝ። «ተይ ልጄ! ተገዝቷል እኮ! አሁን ታነሺዋለሽ?» ቄሱ ደንግጠው አማተቡ። እኔ ቄሱን፣ ቄሱ ጋሼ ወርቁን፣ ጋሼ ወርቁ ኮሎኔሉን አዩ። ኮሎኔሉ፣ «ግዴለም፣ አትቆጧት፤ ለምዳ ነው» አለና ሹካውን አነሳ። ለምዳ ነው አለ! እንግዲህ እሱም ቢናገር ማንሳት ነው፣ እኔም ብጠይቅ ማንሳት ነው። በገዛ አፌ፣ በገዛ መስቀሌ፣ አፉን ዘግቼለት ወጣሁ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ። ጋሼ ወርቁ ተንኮል ነበራቸው አልልም። ኮሚኒቲው እንዳይከፈል ነበር ጭንቀታቸው፤ አልተከፈለምም። የተከፈልኩት እኔ ነኝ።

በሳምንቱ በሰፊ ድምፅ ተመረጠ። በንግግሩ መሐል እኔን በእጁ አመልክቶ፣ «ይቅር መባባልን ከዚች እህታችን ተማሩ» አለ፤ ሕዝቡ ዞሮ አጨበጨበልኝ። ከዚያ ወዲያ ያለውን መጽሔቱ በደንብ ጽፎታል። ፓርቲ አቋቋመ፤ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ባንዲራ ተሰቅሎ፣ ቲሸርት ተሸጦ፣ ንግግሩ በካሴት ተቀድቶ በየግሮሰሪው አምስት አምስት ዶላር ወጣ። ታክሲ ውስጥ ትገባላችሁ፣ የሱ ድምፅ ነው፤ ጸጉር ቤት ትገባላችሁ፣ የሱ ድምፅ ነው። «የታሰሩት የት ናቸው? የጠፉት የት ናቸው?» እያለ አዲሶቹን ገዢዎች ይጠይቃል! ሰው ያለቅሳል። እኔ ከካሸር ወደ ነርስ ረዳትነት ተዛውሬ፣ ሽማግሌ ፈረንጅ እያጠብኩ፣ ይህን ሁሉ እሰማለሁ፤ ሰምቼም ዝም።

ለሄለን ትናንት ደወልኩላት፤ አልናገርም አልኳት። «ዋይ? ዳዲ እኮ ሁልጊዜ ስለ አንቺ ጥሩ ነገር ነው የሚያወራው» አለች። ልጅቷ ምን በደለች? እግሬን ያመኛል ብያት ዘጋሁት። ስለ እሱ ብቻ ቢሆን፣ ግዝቱንም ጥሼ፣ ሄጄ በተናገርኩ ነበር። የኔም ጉድ አለበት እንጂ።

ከእርቁ በኋላ በነበረው እሑድ ለእናቴ ደወልኩ። ጎረቤትየዋ አስቀድማ፣ ሰሞኑን በጣም ደክማለች፣ ደግፈን ነው ያመጣናት አለችኝ። «ነገረሽ ወይ?» አለች እናቴ፤ ትንፋሿ ይቆራረጣል። ምን ልበላት? ይቅር ብዬው፣ ተገዝቼ፣ ባዶ እጄን ወጣሁ ልበላት? «አዎ እማዬ፣ ነገረኝ» አልኳት። አንዴ ከአፌ ወጣ። «ሰይፉ ሞቷል። ያኔውኑ ታሞ ነው የሞተው። ብዙ አልተሰቃየም። ለቄስ ሰጥተውት፣ ያቺ በልጅነታችን ለንግሥ የምንሄድባት ከከተማው ወጣ ያለችው ገብርኤል፣ ከግቢው በስተኋላ ከወይራው ሥር ነው የተቀበረው።» ወይራውን ያየሁት በልጅነቴ ነው፤ ይኑር ይቆረጥ እንኳ አላውቅም። በስልኩ ውስጥ እናቴ ስትጮኽ ሰማሁ፤ የስንት ዓመት ጩኸት። ጎረቤት ሲሰበሰብ፣ ሴቶች ሲቀበሏት ሰማሁ። የስልክ ካርዱ እስኪያልቅ ስልኩን ይዤ፣ መጸዳጃ ቤት ገብቼ፣ ፎጣ አፌ ውስጥ ጎስጉሼ አብሬያት አለቀስኩ።

ድንኳን ተተከለ። ጥቁር ለበሰች። በአርባኛው ቀን በሰው ተደግፋ እዚያች ቤተ ክርስቲያን ሄዳ፣ ፍትሐት አስደርጋ፣ ወይራው ሥር ተንበርክካ አፈሩን ሳመች። ለካ ወይራው ነበር። የማን አጽም ላይ እንደተንበረከከች እግዜር ይወቅ። ከዚያ ወዲያ ግን እንቅልፍ ወሰዳት፤ እህል ቀመሰች፤ ሐኪሞቹ ከሰጧት ዕድሜ አልፋ ሁለት ዓመት ኖረች። እንኳን ዋሸሁ የምልበት ቀን አለ። የሚያንገበግበኝ የሷ ምርቃት ነው። «ያ ሰውዬ እግዚአብሔር ያክብረው! ስንቱ አዛዥ አፉን ዘግቶ ሲሞት እሱ ነገረን። ልጄን መለሰልኝ» ትላለች በየስልኩ። ጠዋት ማታ ስሙን በጸሎቷ ታነሳለች። በሷ ቤት ከሰይፉ ቀጥሎ የሚወደድ ሰው ኮሎኔል አያሌው ሆነ! እኔ ነኝ ያነገሥኩት፤ ከኮሚኒቲውም ቀድሜ።

በዓመቱ ለፋሲካ አንድ መንገደኛ ከእናቴ ጥቅል አመጣልኝ። ስፈታው ጋቢ ነው፤ ራሷ የፈተለችው፣ በዚያ በደከመ ዓይኗ። ዳር ላይ በቁራጭ ወረቀት «ለኮሎኔል» ተብሎ ተጽፏል፤ የጎረቤት ልጅ ይሆናል የጻፈላት። ሦስት ሳምንት ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። እናቴ ስልክ ላይ፣ «ሰጠሽው? ልኩ ሆነ?» ትለኛለች። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ታጥፎ እንዳለ ይዤ የፓርቲው ቢሮ ሄድኩ። ብቻውን ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ የተቆለለ ካሴት አለ። ጋቢውን ፊቱ አስቀመጥኩት። ጥያቄ አልጠየቅኩም፤ ግዝት አልጣስኩም።

«ከእናቴ ነው» አልኩት።

«ለኔ? ለምን?» አለ።

«እርስዎ የልጇን መቃብር ስለነገሯት።»

ቀና ብሎ አየኝ። ያልነገረውን ያውቃል። ያኔ አንዲት ቃል ቢተነፍስ፣ ስሚ የሺ፣ እዚያ አይደለም፣ እዚህ ነው ቢለኝ፣ ውግዘቱን እኔ እሸከምለት ነበር።

«እናትሽን የት ነው ያልሻቸው?» አለ ቀስ ብሎ።

ነገርኩት። ገብርኤልን፣ ከግቢው በስተኋላ፣ ወይራውን። ጋቢውን ወደ ራሱ ሳበና በመዳፉ ዳሰሰው።

«ደህና ቦታ ነው፤ ጥላ አለው» አለኝ።

እንዴት ከዚያ ቤት እንደወጣሁ አላውቅም። በማግስቱ እሑድ ለእናቴ ደወልኩ። ሰጠሁት፣ በጣም ደስ አለው፣ መረቀሽ አልኳት። «እሰይ! ምን ብሎ መረቀኝ?» አለች። ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ፣ የኮሎኔሉን ምርቃት አንድ በአንድ እየፈጠርኩ አወረድኩላት፤ እናቴ ከወዲያ ማዶ በየቃሉ አሜን ትላለች።